የሰው በግ አይታረድም

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩት ፎቶ ያልጠበቅኩትን ክርክር አስነሳ። ፎቶው ላይ ያለው የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ዝናብ ያበሰበሰው ደብተር እና ቁጥር የተቀረጸባት አውራ ጣት የምታክል ብረት ነው። ከኮሜንቶቹ ሦስቱ አልወጡልኝም። አንዱ «ቲቸር፣ ያገኘ ወሰደ ነው፤ ምን ያስጨንቅሃል?» ይላል። ሌላው «የስለላ ዕቃ ነው፣ አቃጥለው» ይላል። ሦስተኛው «ፈረንጁ ራሱ ጥሎት ሄዷል፣ ራሱ ይምጣና ይልቀመው» ይላል። በግልጽ ልናገር፤ ሦስታችሁም ተሳስታችኋል። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ አለ። የአሜሪካ መንግሥት የሲቪል ጂፒኤስን ሆን ብሎ ማዛባቱን እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ ሲያቆም፣ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀና የቦታውን ቁጥር በኢንተርኔት አሳወቀ። ፈልጋችሁ አግኙ፣ ስማችሁን ጻፉ፣ ከውስጡ ካለው የወደዳችሁትን ወስዳችሁ በምትኩ ሌላ አስቀምጡ አለ። ጨዋታው ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞረ። ወደ ስሜን ተራሮች የሚመጣ ቱሪስትም አንዳንዱ በስልኩ ይዞት ይመጣል።

በሣጥኖቹ ውስጥ ግን የማይለወጥ፣ የራስ የማይደረግ አንድ ዓይነት ዕቃ አለ። ቁጥር የተቀረጸበት ብረት ነው፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ መጫወቻ ወይም የቁልፍ መያዣ ይንጠለጠልበታል። ባለቤት አለው። ባለቤቱ «ይህን ተራራ ይይልኝ»፣ «ይህን አገር ይርገጥልኝ» ብሎ ይልከዋል። ያገኘው ሰው ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ ይመዘግብና ወደሚቀጥለው ሣጥን ያደርሰዋል። ስሙ «ትራቭል በግ» ነው። ክፍል ውስጥ ስናገረው ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ የምን በግ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በኋላ ሳስበው ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

እስቲ ንገሩኝ፤ የጎረቤታችሁ በግ ከመንጋችሁ ጋር ተቀላቅሎ ቢገባ፣ ጆሮው ላይ የባለቤቱ ምልክት እያለ፣ ታርዱታላችሁ? ዳባትም ሆነ ወቅን ያደገ ሰው መልሱን ያውቃል። ያሳድረዋል፣ ይጠይቃል፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ያስነግራል። ባለቤቱ ሲመጣ ወሮታ አለ፣ ምስጋና አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የሰው ዕቃ ያገኘ ሰው እንዲጠብቀው ያዛል። «ያገኘ ወሰደ» የሚባል ባህል የለንም፤ ከየት አመጣችሁት?

ያን ሣጥን ከሊማሊሞ አፋፍ በታች ከድንጋይ ስር ስናወጣ አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ ደረሱብን። «ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። የቻልኩትን ያህል አስረዳኋቸው። ብረቷን አገላብጠው አይተው «ታዲያ ምልክት ካለው ምን ያከራክራል?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ሁለት ሰዓት ኮሜንት ስመልስ ያመሸሁበትን ጉዳይ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት።

ወደ ስለላው ልምጣ። ብረቷ ባትሪ የላትም፣ አንቴና የላትም፣ ድምፅ አትቀዳም። እንደ መኪና ታርጋ ናት። ሰው ቁጥሯን ካልመዘገበ በስተቀር የት እንዳለች የሚያውቅ ማንም የለም። ችግሩም እኮ ይኸው ነው! በእርግጥ መከታተያ የተገጠመለት ነገር እንኳ ሁሌ ሰላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ሱዳን ውስጥ የእስራኤል ተመራማሪዎች መሣሪያ የገጠሙለት ጥንብ አንሳ አሞራ በሰላይነት ተጠርጥሮ ተይዞ ነበር። የተገጠመለት አሞራው የት የት እንደሚበር ለማጥናት ነበር።

ፍርሃቱ ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ አልስቅበትም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጭና ላይ የሆነውን እኛ ከሬዲዮ አልሰማነውም፤ ጎረቤታችን ነው። ጦርነት ያለፈበት አገር ላይ ከድንጋይ ስር ያለ ብረት ማስፈራት አለበት። ስለዚህ ይህን እያንዳንዱ ተማሪዬ ይስማ፤ ምንነቱን የማታውቁትን ብረት አትንኩ፣ አትርገጡ፣ በድንጋይ አትምቱ። ራቁ፣ ለትልቅ ሰው ተናገሩ። እኔ የምናገረው ቦታው ተመዝግቦ ስለሚታወቅ፣ ምን እንደሆነ አስቀድመን አረጋግጠን ስለሄድንበት ሣጥን ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ «ጥሎት ሄዷል» ያልከው ወንድሜ፣ ግማሽ እውነት አለህ። ሣጥኑን የደበቀው ሰው ጥፋተኛ ነው። የጨዋታው ደንብ ሣጥን የደበቀ እንዲንከባከበው ያዛል፤ ለእረፍት መጥቶ ደብቆ በአውሮፕላን መብረር የተወገዘ ነገር ነው። ለሚደብቁት የምለው አጭር ነው። የሚጠብቅላችሁ የአገር ሰው ከሌለ አትደብቁ፤ ፓርኩ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። የዋልያ አገር የፕላስቲክ ማከማቻ አይደለም። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያም ሌላ ግጭት። ጎብኚው ቀረ፣ ሣጥኑ ዝናብና ፀሐይ በላው። በድረ ገጹም ሣጥኑ «ተዘግቷል» ተባለ።

ነገር ግን ልብ በል፤ ሣጥኑን የተወው ሰው እና የበጉ ባለቤት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የበጉ ባለቤት ምንም አልተወም። ምናልባት ኢትዮጵያን አይቷትም አያውቅ። እሱ የሚያየው ገጹ ላይ የመጨረሻው መስመር «ኢትዮጵያ፣ ስሜን ተራሮች» እንደሚል፣ ከዚያ በኋላ ዝም ማለቱን ነው። ጥፋቱ የእኛ ባይሆንም የጠፋበት ቦታ ተብሎ የሚጻፈው የእኛ ስም ነው። ከእንግዳ ጋር እንጀራ ለሚበላ ከተማ ይህ ቀላል ነገር ነው? አስጎብኚው፣ ባለ በቅሎው፣ ምግብ አብሳዩ ሁሉ የሚኖረው በዚህ ስም ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዚህ በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን አስጎብኚ የሆነ ልጅ፣ እንዲህ ዓይነት ብረት አምጥቶ ሰጥቶኝ ነበር። ሁለት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኳት። ስለ ኬክሮስና ኬንትሮስ ሳስተምር አውጥቼ አሳይቼባታለሁ፤ «የማስተማሪያ መሣሪያ» ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ዳታ የለም፣ ጊዜ የለም እያልኩ ቁጥሯን አልፈለግኩም። በመጨረሻ ስፈልጋት ባለቤቷ «እባካችሁ ያያት አለ?» እያለ ሦስት ጊዜ ጽፎ አገኘሁ። ከልጁ ጋር ሆኖ የላካት ናት። ልጁ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አሁን አሥራ አራት ሆኖታል። ይቅርታ ጠየቅኩ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፤ «በሕይወት አለች ማለት ነው። ለልጄ ነገርኩት።» ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከደጉ ወገን ሆኜ አይደለም፤ በግ ደብቆ እንደተያዘ ሰው ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። አስጎብኚ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ስልካችሁ ላይ መተግበሪያውን ጫኑ። ሣጥኑ የተዘጋ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ፤ ሕያው ከሆነ ሣጥኑን ባለበት ተዉት። የተዘጋ ከሆነ ቁጥር ያለውን ዕቃ አውጡ፣ የተሰበረውን ፕላስቲክም ይዛችሁ ውጡ፤ ቆሻሻ ነው። ፓርኩ ውስጥ ከሆነ ያለ ስካውት አትንቀሳቀሱ። ከዚያ አካውንት ከፍታችሁ ቁጥሩን መዝግቡ፣ ነፃ ነው፤ ለባለቤቱም ጻፉለት። ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ይንገራችሁ። ወደ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ የታመነ ሰው ካለ ወደ ሕያው ሣጥን ይውሰደው፤ ባለቤቱ በፖስታ ይላክልኝ ካለም ይላክ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትለጥፉ። ያ ቁጥር ዕቃውን በእጁ የያዘ ሰው ብቻ የሚያውቀው ምስጢር ነው፤ አንዴ ከወጣ ቤቱ የተቀመጠ ሁሉ «አገኘሁት» ብሎ ይመዘግባል። እኔም ለዚህ ነው ፎቶው ላይ የሸፈንኩት። ኢንቦክስ አድርጉልኝ።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ፐርሰቪራንስ ተሽከርካሪ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ቁጥር አለ። ያንን ማንም ሄዶ ሊያመጣው አይችልም። የእኛዎቹ ግን ከደባርቅ የአንድ ሰዓት መንገድ ናቸው፤ ምን ምክንያት አለን?

ፎቶው ላይ ያለችው ብረት ትናንት ተመዝግባለች። መሳቢያ አትገባም። ቅዳሜ ወደ ጎንደር የሚወርድ ካለ ይንገረኝ።

ቸር ሰንብቱ።