ክበብ ለሥራ ነው ወይስ ለምስክር ወረቀት?

ክረምት ሲገባ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየአገራችን እንመለሳለን። ያን ጊዜ የሠፈራችን የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሚጠይቁን ጥያቄዎች አንዱ «የትኛው ክበብ ብገባ ይጠቅመኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ ታናናሾቻችንን የሚያሳስት ሆኖ ስላገኘሁት፣ የተሰማኝን በዚህ ጋዜጣ ላይ በግልጽ ለመጻፍ ተነሣሁ።

በመካከላችን ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው «ክበብ የሥራ ፈት ነገር ነው፤ ተወውና ለፈተናህ አጥና» የሚል ነው። ሁለተኛው «በተገኘው ክበብ ሁሉ ተመዝገብ፤ የምስክር ወረቀት ሰብስብ፤ ለውጭ አገር ኮሌጅ ስትጽፍ ይጠቅምሃል» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱም መልሶች የተሳሳቱ ናቸው።

የመጀመሪያው መልስ ምክንያት የለውም አይባልም። በአገራችን ተማሪን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው፤ የክበብ ሊቀ መንበር መሆን በዚያ ውጤት ላይ አንዲት ነጥብ አይጨምርም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰብስበው በተፈተኑ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የ2015 ዓ.ም. ተፈታኞችም ከመቶ 3.2 ሆኑ። ይህን ያየ ወላጅ ልጁን ከመጽሐፍ ላይ እንዳይነሣ ቢያስገድደው ማን ይፈርድበታል? ሆኖም መጽሐፍ ዘርግቶ የሚውል ሁሉ ያጠናል ማለት አይደለም። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለሌላ ሰው ለመስጠት ቃል የገባ ተማሪ የቀሩትን ሰዓቶች ዋጋ ያውቃል። ደግሞም አንደኛ ዓመት ስንገባ ያየነው ነው፤ የሚቀሰቅሰው አባት፣ የሚቈጣው አስተማሪ በሌለበት ግቢ ውስጥ ቶሎ የሚናወጠው ከዚያ በፊት ምንም ነገር በአደራ ተሰጥቶት የማያውቀው ተማሪ ነው።

ሁለተኛው መልስ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ይጎዳል፤ ሥራ ሳይሠሩ የሠሩ መምሰልን ያስተምራልና። በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ ከትምህርት ውጭ የተሠሩ ሥራዎችን እስከ 10 ድረስ ለመጻፍ ቦታ ይሰጣል። ይህን የሰማን ሁሉ «አሥሩን መሙላት ግዴታ ነው» እያልን አወራን። ነገር ግን ያው ቅጽ በየሥራው አጠገብ ስንተኛ ክፍል ሳለህ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ሠራህ ብሎ ይጠይቃል። አሥር ክበብ የዘረዘረ ልጅ ሰዓቱን ሲደምር የሚተኛበት ጊዜ ሊያጣ ነው! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም እንደ ተባለ፣ ሁሉም ቦታ የተመዘገበ አንዱም ቦታ አይገኝም።

ከዚህም ሌላ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። ያ ቅጽ የቤተሰብ ኃላፊነትንና በደመወዝ የሚሠራ ሥራን ከሌሎቹ ጋራ እኩል ይቈጥራል። በእኛ ትምህርት ቤቶች ግን ክበብ የሚሰበሰበው ከመጨረሻው ደወል በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት አንዷ እኅታችን እናቷ ጉሊት ስለምትውል ውሃ ለመቅዳትና ታናናሾቿን ለማብላት ወደ ቤቷ ትሮጣለች። አንዱ ወንድማችን የሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ይሄዳል። እነዚህን «ተሳትፎ የላቸውም» ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ ትልቅ በደል ነው። አራት ልጆች ያሳደገች ልጅ ስለ ኃላፊነት ከእኛ ምን ትማራለች? እኛ ነን ከርሷ መማር የሚገባን።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። እኔ ራሴ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ፣ የአካባቢ ጥበቃና የሚኒ ሚዲያ ክበቦች አባል ነበርሁ፤ ከእነርሱም በሁለቱ ጸሐፊ ተብዬ ተመርጫለሁ። ሦስት የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል። በዚያው ጊዜ አንድ ዓይነ ስውር የክፍል ጓደኛ ነበረኝ። መጻሕፍቱ በብሬይል ስላልተዘጋጁለት ቅዳሜ ቅዳሜ ታሪክና ጂኦግራፊ አነብለት ነበር። ለዚህ ሥራ ክበብም መዝገብም አልነበረውም። አንድ የሰኔ ቅዳሜ የክበቡ ሰዎች ችግኝ ተክለን ፎቶግራፍ እንድንነሣ ስለ ጠሩኝ ለጓደኛዬ ሳልነግረው ቀረሁ። ሰኞ ስንገናኝ «እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቅሁህ» አለኝ እንጂ ሌላ የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። የታሪክ ፈተናው በማግስቱ ነበር። ያን ቀን የተከልናቸው ችግኞች ውሃ የሚያጠጣ ተረኛ ስላልተመደበላቸው ጥር ሳይደርስ ደረቁ።

ዛሬ ሳስበው ከዚያ ሁሉ ስብሰባ የቀረኝ የቅዳሜው ንባብ ብቻ ነው። ጮክ ብዬ ሳነብ «እዚህ ላይ ድገምልኝ፤ ምን ማለት ነው?» ይለኝ ስለ ነበር፣ ያልገባኝን ያወቅሁት በእርሱ ጥያቄ ነው። ለርሱ ሳነብ እኔ ተማርሁ።

የአገራችን የተማሪዎች ታሪክም ይህንኑ ያመለክታል። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ማቅረቡ የትምህርት ነጥብ የሚያስገኝ ሥራ አልነበረም። የዚያን ዓመት የፈተና ውጤት ማንም አያነሣውም፤ ግጥሙ ግን እስከ ዛሬ ይነሣል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ፤ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችም ነበሩባቸው። ያ ግን በመንግሥት ትእዛዝ የሆነ ነበር። የዛሬው ተማሪ የሚያስገድደው የለም፤ የሚሠራውን ራሱ ይመርጣል። በእጁ ያለውን ምርጫ በወረቀት ሊለውጠው አይገባም።

እንግዲህ ታናናሾቻችን ሲጠይቁን ሦስት መመዘኛ ብንሰጣቸው ይበቃል። አንደኛ፣ በቀጠሮው ቀን ብቀር የሚያጣኝ ሰው አለን? ሁለተኛ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በዓይን የሚታይ ምን ይቀራል? የጸደቀ ዛፍ፣ ፊደል ለይታ በጣት አሻራ ፈንታ ስሟን የምትፈርም እናት፣ ወይም የመጀመሪያ ርዳታ መስጠት የተማረ ክፍል ይኖራልን? ሦስተኛ፣ ለትምህርቴ የሚበቃ ጊዜ ይተርፈኛልን? ሦስቱን የሚያሟላ አንድ ሥራ ከተገኘ፣ ሁለተኛውን መፈለግ አያስፈልግም።

ለመምህራንም አንድ ልመና አለኝ። ስሙ በመዝገብ ላይ ስለ ተገኘ ብቻ ለተማሪ የምስክር ወረቀት አትስጡ። ለሠራው ግን ምን እንደ ሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደ ሠራ ዘርዝራችሁ ጻፉለት፤ ቤተሰቡን ለሚረዳውም እንዲሁ አድርጉ። ማኅበራችንም በየክረምቱ ወደየአካባቢያቸው የሚሄዱ አባሎቹን ይህን ጉዳይ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እንዲናገሩ ቢያደርግ ወጪ የለበትም።

ይህ የእኔ አሳብ ነው። የተለየ አሳብ ያለው ተማሪ ወይም መምህር በሚቀጥለው እትም ቢጽፍ ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን «የትኛው ክበብ ይጠቅመኛል?» የሚል ልጅ ቢያጋጥማችሁ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት «ቅዳሜ ብትቀር ማን ይጠብቅሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።