ስለ አቶሞች መተሳሰርና ስለ ከሰል ፍም

በብርድ ወራት የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት ይገባና በሩም መስኮቱም ይዘጋል። ጭስ የለውምና አይጎዳም የሚሉ አሉ፤ እኛን የሚያሰጋን ግን ይኸው ጭስ የሌለው መሆኑ ነው።

ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። የካርቦንና የኦክሲጅን አቶሞች የሚተሳሰሩት በውጭ ዙሪያቸው ያሉትን ኤሌክትሮኖች በመጋራት ነው። አየር በበቂ ሲያገኝ አንዱ ካርቦን ከሁለት ኦክሲጅን ጋር ይተሳሰራል፤ አየር ባነሰ ቁጥር ግን ከአንዱ ጋር ብቻ ተጣምሮ የሚቀረው ይበዛል። ይህም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ መልክም ሽታም የለውም።

በደማችን ኦክሲጅንን ተሸክሞ የሚዞረው ሄሞግሎቢን ብረት አለበት። ብረቱ ኦክሲጅንን የሚይዘው በላላ ማሰሪያ ነው፤ አድርሶ መልቀቅ ይገባዋልና። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው ለኦክሲጅን የሚተርፍ ስፍራ ይጠባል። ስለዚህ የተኛ ሰው ትንፋሹን እየሳበ ሳለ ይታፈናል።

አመድ የለበሰ ፍም እንኳ ጋዙን ማውጣት አይተውምና ማንደጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ራሱን ያመመው፣ ያዞረው ወይም ያቅለሸለሸው ሰው ቢኖር ፈጥኖ ወደ ደጅ አየር ይወሰድ፤ ሐኪምም ይየው።