ሾፌር ሌላ መኪና ሳያገኝ የያዘውን ሊለቅ ይገባዋልን?

ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ በምንጽፍበት በዚህ ዓምድ ለዛሬ የመረጥነው ነገር የጭነት መኪና ነጂዎችን የሚመለከት ነው። ምናልባት አንዳንድ አንባቢዎቻችን የካሚዮን ነገር ከቤተ ሰብ ገጽ ምን አገናኘው ይሉን ይሆናል። ነገር ግን በማሻ፥ በቴፒና በሚዛን አገር የብዙ ቤት ኑሮ በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ነው። አባወራው በቍጣ ቁልፉን የጣለ ቀን ጕዳቱ አስቀድሞ የሚደርሰው ነገሩን ባልሰሙት በሚስቱና በልጆቹ ላይ ነው። ስለዚህ አሳባችንን ሳንደብቅ እንናገራለን፤ ሾፌር አዲሱን ሥራ በእጁ ሳይጨብጥ የያዘውን ሊለቅ አይገባውም። ከዚህ የምናወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱንም ወደ ታች እንገልጻለን።

ሾፌሮች የሚለቁበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው። ደመወዝ ይዘገያል፤ የመንገድ አበል ይጎድላል፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶበት በዝናብ ያደረ ሰው ስለ ምን ዘገየህ ተብሎ ይሰደባል። ከጎሬ ወደ ማሻ፥ ከማሻም ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ በክረምት የተጓዘ ሰው በዚህ ቍጣ አይፈርድበትም። በዚህም ላይ ሻይ ቤት ያገኘው ባልንጀራ «እነ እገሌ ሾፌር ይፈልጋሉ፤ ዛሬውኑ ና ብለውሃል» ይለዋል። እንዲህ ያለው ቃል ግን ገና ወሬ ነው እንጂ ሥራ አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ ሊለቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሳያስጠነቅቅ የሄደ ግን ለአሠሪው ካሣ ይከፍላል፤ ካሣውም ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም፤ የሚያዘውም ካልተከፈለው ሒሳብ ነው። ውላችን በቃል ነውና ይህ አይነካኝም የሚል ሾፌር አለ፤ ተሳስቷል፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ብዙዎች እነዚህን 30 ቀናት እንደ እስራት ይቈጥሯቸዋል። እኛ ግን ደመወዝ እየተቀበሉ ሌላ እንጀራ የሚፈልጉባቸው ቀናት ናቸውና የሠራተኛው ሀብት ናቸው እንላለን።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የሚከተለው ነው። ከ5 ዓመት ያላነሰ ያገለገለ ሠራተኛ፥ ስለ ሥልጠና የገባው የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፥ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል። ይኸውም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ ይጨመርበታል፤ ጠቅላላውም ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። እንግዲህ 5 ዓመት የሞላው ሾፌር ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፥ ለቀሩት 4 ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ 10 ቀን፥ በድምሩ የ70 ቀን ደመወዝ ያገኛል ማለት ነው። በ4 ዓመት ከ11 ወሩ በፈቃዱ የለቀቀው ግን ከዚህ ክፍያ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም። አንድ ወር ታግሦ ቢሆን ኖሮ ለልጆቹ ከሁለት ወር የሚበልጥ ቀለብ ይዞ በወጣ ነበር። የተቀጠረበትን ቀን በልቡ የሚያውቅ ሾፌር ጥቂት ነው፤ ሚስቱ ግን በወረቀት ጽፋ ብታስቀምጠው መልካም ነው።

ደግሞም አዲስ ሥራ አገኘሁ ማለት ገና ዳነ ማለት አይደለም። አዲሱ አሠሪ እስከ 60 የሥራ ቀናት ድረስ በሙከራ ሊያቆየው ይችላል፤ ይህም በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 10 ሳምንት መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አልተስማማህም ቢባል ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ይሰናበታል። ስለዚህ ሥራ ያዝሁ የሚባለው ውሉ በጽሕፈት ሆኖ፥ ደመወዙ፥ አበሉና የሙከራው ጊዜ ተለይቶ ሲታወቅ ነው። መኪናውንም አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ በእርሱ ላይ የነበረው ሾፌር ስለ ምን እንደ ወረደ መጠየቅም አያሳፍርም።

አሁን ከሕጋችን ያወጣነውን እንናገር። ማሻ ደጋ ነው፥ ቴፒ ቆላ ነው፤ በመካከላቸው 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁለት አለ። ፍሬኑ የማይዝ መኪና ቡና ወይም ሌላ ጭነት ተሸክሞ ይህን ቁልቁለት ሲወርድ የሾፌሩና የረዳቱ ነፍስ በገመድ ላይ ናት። ሾፌሩ ጉድለቱን ለባለቤቱ አስታውቆ ባለቤቱ ዝም ካለ፥ ሌላ ሥራ ይኑረው አይኑረው ይውረድ። ሕጉም እንዲህ ያለው አደጋ ተነግሮት ያላስወገደውን አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅን ይፈቅዳል፤ ካሣም ያሰጣል። ነገር ግን የለቀቀበትን ምክንያት በጽሑፍ ሊያስታውቅ ይገባዋል፤ መብቱም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልሠራበት ይቀርበታል። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ዝም ብሎ የሄደ ሰው በኋላ ማስረጃ ይቸግረዋል።

ወራቱንም ማየት ያሻል። ቡናው ከተለቀመ በኋላ በበጋ ወራት ጭነት ይበዛል፤ ሾፌርም ይፈለጋል። በሰኔ የለቀቀ ግን የክረምቱን ጭቃ ከሥራ ፈትነት ጋር ይቀበለዋል። የቀደሙት ጭነኞችም ይህን ያውቁ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ውል ጋምቤላ የንግድ በር ከሆነ በኋላ የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደዚያ ይወርድ ነበርና፥ ባሮም መርከብ የሚሸከመው በክረምት ሙላቱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሥራቸው ሁሉ በወራት የተቈጠረ ነበር። ቤቱም እንደ ቤቱ ነው። በማሻ ጓሮ እንሰት ተክላ፥ ቆጮ በጕድጓድ ያኖረች ሴት አንድ ወር ያለ ደመወዝ ልትሻገር ትችላለች፤ በሚዛን ወይም በቴፒ ቤት ተከራይታ የምትኖረውን ግን ባለቤቱ ወሩ ሲሞላ ከደጅ ቆሞ ይጠብቃታል። ስለዚህ ውሳኔው በቤት፥ ባልና ሚስት ተመካክረው እንጂ በመንገድ ላይ ባይሆን እንመርጣለን።

ካሚዮን ያላችሁ ክቡራን አንባቢዎቻችን ደግሞ አትቀየሙን። ሾፌሩ ሲለቅ ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለው ይገባል፤ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዘው ይችላል። ደመወዙን በጊዜው የሚቀበል፥ ፍሬኑም በጊዜው የሚታደስለት ሾፌር ሻይ ቤት በሰማው ወሬ የሚሄድ አይመስለንም።

ሾፌሩ ግን በእጁ ያለውን የአሠሪውን ንብረት በራሱ ጥፋት ቢያዘገይ ያ 7 ቀን ይራዘምበታል። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ቁልፉን፥ ሊብሬውን፥ ትርፍ ጎማውን፥ ክሪኩንና ከመንገድ ወጪ የተረፈውን ገንዘብ በዝርዝር አስረክቦ ከሁለት ወገን ያስፈርም፤ አንዱንም ቅጂ ለራሱ ያስቀር። የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ይህን ወረቀት ሥራ ላይ ሳለ ደግሞ በጠየቀ ጊዜ ሊያገኘው ይችላል።