ስለ ስልክ መተግበሪያና በስውር ስለሚያገለግለው መልእክተኛው

መልእክት የላከ ሰው መልእክቱ መድረሱን ሳያረጋግጥ ጉዳዩ ተፈጽሟል ብሎ ቢናገር፥ ነገሩ ለራሱም ለሚያምነውም ሰው ጥፋት እንደሚሆን የታወቀ ነው። ይህ የቆየ እውነት ዛሬ በእጅ በሚያዘው ስልክ ውስጥም ይሠራል።

የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአሰንዳቦና እርሷን በመሰሉ የቡና ከተሞች ገንዘብን በስልክ ለመላክና ለመቀበል መንገዱ ተከፍቷል። እንዲህ ያለው መተግበሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ዓይን የሚያየው ገጹ ነው፤ ሁለተኛው ገጹ ከተዘጋ በኋላም በስውር የሚሠራው የጀርባ አገልግሎት ነው። ገጹ በደጅ ቆሞ የባለ ጉዳዩን ቃል እንደሚቀበል አጋፋሪ ሲሆን፥ የጀርባው አገልግሎት ግን ቃሉን ይዞ እስከ ሰርቨሩ የሚሄድና መልስ የሚያመጣ መልእክተኛ ነው። የሁለቱ መነጋገር በደንብ ካልተሠራ ገጹ ምንም ቢያምር ጥቅም የለውም።

በቡና ለቀማ ወራት አንድ ነጋዴ በአሰንዳቦ ገበያ ለገበሬው የቡናውን ዋጋ በስልክ ከፈለ እንበል። ሂሳቡ ከተከፈለ በኋላ መልሱ ሳይመለስ ኔትወርኩ ቢቋረጥ፥ ነጋዴው አልተከፈለም ብሎ ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። ይህ እንደ አዲስ ትእዛዝ ከተቈጠረ ነጋዴው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በአንጻሩም ትእዛዙ ሳይደርስ ገጹ «ተከፍሏል» ቢል፥ ገበሬው የዓመት ድካሙን አስረክቦ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

መድኃኒቱ ግን በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የቆየ ነው። ደብዳቤ ቍጥር ሳይሰጠው አይወጣም፤ ተቀባዩም በማስረከቢያው መዝገብ ላይ ይፈርማል። እንደዚሁም ትእዛዙ ከመላኩ አስቀድሞ የራሱ ቍጥር ተሰጥቶት በስልኩ ውስጥ ይመዝገብ፤ መደገም ቢያስፈልግም በዚያው ቍጥር ይደገም። ሰርቨሩም ያንኑ ቍጥር ዳግመኛ ቢያገኝ የፊተኛውን መልስ ይመልስ እንጂ ገንዘብ ዳግመኛ አያንቀሳቅስ። መልስ እስኪመጣ ድረስም ገጹ «በመጠባበቅ ላይ» ይበል።

የጀርባው አገልግሎት ሁልጊዜ ነቅቶ ይኖራል ብሎ መተማመንም አይገባም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አንድሮይድ 8 የባትሪን ኀይል ለመቈጠብ ሲል፥ ገጹ ከተዘጋ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ተራ የጀርባ አገልግሎትን ያስቆማል። ስለዚህ መልሱ በስልኩ መዝገብ ይጻፍ፤ ገጹም በተከፈተ ጊዜ ከዚያ ያንብብ። ቢዘገይም ሊቀር የማይገባውን ሥራ ወርክማኔጀር ለተባለው መሣሪያ መስጠት ይቻላል፤ እርሱ ስልኩ ጠፍቶ ቢነሣም የተቀበለውን አይረሳምና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሥራውን ያዘገያል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን እውነቱን አውቆ ጥቂት መቆየት፥ በሐሰት ተደስቶ ኋላ ከመካሰስ ይሻላል።

እንግዲህ መተግበሪያ የሚያሠሩ ሹማምንት የገጹን ውበት ብቻ አይተው አይረከቡ። በክፍያ መካከል ኔትወርኩን አቋርጠው፥ ስልኩንም አጥፍተው አስነሥተው ይፈትኑት። ለቤተ ክርስቲያን አሥራትና መባ በስልክ የሚቀበሉ ካህናትም ይህንኑ ይጠይቁ። የሕዝብ ገንዘብ የሚታመነው በታመነ መልእክተኛ እጅ ሲሆን ነው።