እህት ከሰው አገር የላከችው ገንዘብና ባለ ሦስት ማራገቢያው ካርድ

ለዛሬ ሁለት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። ሁለቱም ስለ ኮምፒውተር ይጠይቃሉ፤ ግን ጠጋ ብላችሁ ስታነቧቸው ነገሩ ከኮምፒውተርም ያልፋል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ የ24 ዓመት ወጣት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሮ ሲያቀናብር ቆይቷል። አሁን የራሱን ሥራ ሊጀምር ቆርጧል። ገንዘቡ የመጣው ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ከምትሠራው ታላቅ እህቱ ነው። «ይኼ የመጨረሻዬ ነው፤ ከእንግዲህ ለራሴ ነው የማጠራቅመው» ብላዋለች። ጓደኞቹ ደግሞ «ዋናው ካርዱ ነው፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል» እያሉ መክረውታል። እናም ዓይኑ ያረፈው ሦስት ማራገቢያ ባለው፣ በጨለማ እንደ ቀስተ ደመና በሚያበራ ግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። ዋጋው ከእህቱ ገንዘብ ከግማሽ በላይ ይበላል። «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ሲል ይጠይቀኛል።

ወንድሜ፣ ይቅርብህ! ቢያንስ ለዛሬ ይቅርብህ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ግዢ ነው። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ።

የሠርግ ቪዲዮ ስትቆራርጥና ስትቀጥል ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ፋይሉ የሚነበብበት ዲስክ ነው። ካርዱ ዋና ሥራ የሚይዘው ቀለም ስታስተካክል፣ በጨለማ የተቀረጸውን ስታጠራ፣ ኢፌክት ስትደራርብና የተጠናቀቀውን ስታወጣ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭን የመሰለ ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ ካርዱ ላይ ብዙ ሸክም ይጥላል፤ እውነት ነው። ቢሆንም 8 ጊጋባይት ራምና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ባለው ማሽን ላይ ውድ ካርድ መሰካት በጋሪ ላይ የመኪና ሞተር እንደ መጫን ነው። ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጋሪው አይፈጥንም።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ገንዘቡን እንዲህ እከፋፍለዋለሁ። ከ100 ብር 45ቱን ለማሽኑ፣ ማለትም ለፕሮሰሰሩ፣ ቢያንስ ለ16 ጊጋባይት ራም፣ ለኤስኤስዲና ለደህና ፓወር ሰፕላይ። 20ውን ለካርዱ፤ 15ቱን ለሞኒተሩ፤ 10ሩን ለድምፅ ዕቃ፤ የቀረውን 10 ደግሞ ለዩፒኤስና ለሁለተኛ ማስቀመጫ ዲስክ። የሰው ሠርግ ሁለቴ አይቀረጽም! ዲስኩ ቢበላሽብህ ሙሽራይቱን «እንደገና ተሞሸሪልኝ» ልትላት ነው እንዴ?

አሁን ወደ ገበያው እንውጣ። ካርድ ከመጠየቅህ በፊት የፓወር ሰፕላይህን ጽሑፍ አንብብ። ካርዱ ከሚሰካበት ቦታ የሚያገኘው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ ይጠይቃል፤ ባለ 6 እግሩ 75 ዋት፣ ባለ 8 እግሩ 150 ዋት ያቀብላል። ለምሳሌ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ 170 ዋት ይወስዳል፤ ኩባንያው ራሱ የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው የሚመክረው። ከቢሮ ወጥተው በሚሸጡት ትንንሽ ማሽኖች ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ 300 ዋት እንኳ አይሞላም፤ ተጨማሪ ገመዱም የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሠራውን ዓይነት ጂቲኤክስ 1650 የመሰለ ይበቃዋል። የሳጥኑንም ርዝመትና ቁመት በሜትር ለክተህ ሂድ። «ይገባል ባክህ!» የሚልህ ባለሱቅ ቤትህ መጥቶ አይገጥምልህም።

ያገለገለ ካርድ ከሆነ ደግሞ ሦስት ነገር ልብ በል።

አንደኛ፣ ስሙ የተቀየረ ካርድ አለ። የድሮ ካርድ የውስጥ ጽሑፉ ተለውጦ በአዲስ ካርድ ስም ይሸጣል፤ ዊንዶውስ ራሱ ተታሎ የውሸቱን ስም ያሳይሃል። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድና እዚያው ሱቅ ውስጥ ክፈተው። ብዙዎቹን የውሸት ካርዶች ለይቶ ስማቸው ፊት «ሐሰተኛ» የሚል ምልክት ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ የደከመ ካርድ አለ። ኢቲሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቆም፣ ሌት ተቀን ሲነዱ የነበሩ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ፈሰዋል። ሁሉም ሞተዋል ማለት አይደለም። ግን ማራገቢያቸውና ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባታቸው አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «15 ደቂቃ አስጨንቀን እንየው» በል። ማራገቢያው የሚንኳኳ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ የሚረጭ ወይም ማሽኑን የሚያጠፋ ከሆነ አመስግነህ ውጣ።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ያለፈበት ካርድ አለ። ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 900ዎቹና ለጂቲኤክስ 10ዎቹ (1050፣ 1060 እያሉ ለሚሄዱት) መደበኛ ድራይቨር ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ኦክቶበር 2028 የሚሰጣቸው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። እንግዲህ እነዚህን «አዲስ ነው» ብሎ በአዲስ ዋጋ የሚሸጥልህ ሰው ወዳጅህ አይደለም።

አንዲት ነገር ልጨምር። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከቁጥሩ መጨረሻ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለው በውስጡ የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርዱ የተበላሸ ዕለት ስክሪንህ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። «ኤፍ» የሌለው ግን ሥራህን እየጎተተም ቢሆን ያዘልቅሃል። በዚያ ላይ የቪዲዮ ፋይል መፍታቱን ያግዛል። ለጀማሪ እኔ «ኤፍ» የሌለውን እመርጣለሁ።

ወደ ሞኒተሩ ስንመጣ፣ ወንድሜ፣ እንጀራህ ቀለም ነው። በተሳሳተ ስክሪን ያስተካከልከው ነጭ ቬሎ ሙሽራይቱ ቤት ሲደርስ ቢጫ ይሆናል፤ የጠይም ሰው ፊትም ከሰል ይመስላል። አይፒኤስ የሚባለውን ዓይነት ፈልግ፤ ከጎን ስታየው ቀለሙ አይገለበጥም። 24 ኢንች፣ 1920 በ1080 የሆነ ለመነሻ በቂ ነው። በሞኒተሩ ምርጫዎች ውስጥ «ኤስአርጂቢ» የሚል ካለ እሱን ምረጥ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የቀለም መለኪያ ነው፣ አብዛኛው ስልክና ስክሪን ዛሬም በእሱ ይግባባል። ቀለም ስትሠራ ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን «ናይት ላይት» አጥፋ፤ አምፖል በቀጥታ ስክሪኑ ላይ አያብራ። የላይኛው ጠርዝ ከዓይንህ ትይዩ ይሁን፤ ርቀቱም የክንድህን ያህል።

ስትገጥም ደግሞ ብዙ ሰው የሚስታትን ነገር ልንገርህ። የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ሰካ! ማዘርቦርዱ ላይ ከሰካኸው ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልክበት ካርድ ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ ይችላል። ባለ ሰማያዊ ጫፉን የቪጂኤ ገመድ ትተህ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት ተጠቀም። ከዚያ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ብለህ ግባና ሞኒተሩ በሚችለው ኸርዝ መሥራቱን አረጋግጥ፤ 75 ወይም 100 የሚችለው በ60 ተቀምጦ ይገኛል። ቴሌቪዥን ላይ ከሰካህና ጥቁሩ ነገር አመድ ከመሰለህ፣ በካርዱ ሴቲንግ ውስጥ የቀለሙን ስፋት «ሊሚትድ» ከሚለው ወደ «ፉል» ቀይረው። ዕቃ ሳትገዛ ይስተካከልልሃል።

* * *

ሁለተኛዋ ጸሐፊ ቀን በጸሐፊነት የምትሠራ፣ ማታ ደግሞ ታሪክ እያነበበች ድምፅዋን የምትቀዳ ወጣት ናት። ከእናትዋ ጋር የምትኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። አንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ የድምፅ ናሙና እንድታቀርብ ጠይቋታል። ታዲያ ቀድታ ስታዳምጠው ከድምፅዋ ሥር «እምምም…» የሚል ነገር አለ። ባለሱቁ «አዲስ ሳውንድ ካርድ ግዢ» ብሏታል። ለዚያ የምትከፍለው ደግሞ የቤት ኪራዩን ነው።

እህቴ፣ የኪራዩን ገንዘብ ወደ ቦታው መልሺው! መጀመሪያ ይህን ሞክሪ፦ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀይና በባትሪ ቅጂ። «እምምታው» ከጠፋ ጥፋቱ የካርዱ አይደለም፤ በመብራቱ መስመር የሚገባ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ያ የምትሰሚው ወፍራም ድምፅ ብዙ ጊዜ ራሱ 50ው ወይም እጥፉ 100ው ነው። በባትሪ መቅዳት ብቻውን ናሙናሽን ሊያድንልሽ ይችላል።

በባትሪ የማይሠራ ማሽን ከሆነ ኮምፒውተሩን፣ ስፒከሩንና ሌላውን ዕቃ ሁሉ ከአንድ ሶኬት በሚወጣ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኪ። የማይኩን ገመድ ከመብራት ገመድ ጋር አብረሽ አትጠቅልዪ። የኮምፒውተሩን ብረት ስትነኪ የሚነዝርሽ ከሆነ ግን ይኼ የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ሶኬት የመሬት መስመር የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። አከራይሽን ንገሪያቸውና በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይታይ።

ቀዳዳዎቹንም እዪያቸው። ሮዙ የማይክ ነው፤ አረንጓዴው የስፒከርና የሄድፎን፤ ሰማያዊው ከሌላ መሣሪያ ድምፅ ማስገቢያ። ማይክሽን ሰማያዊው ላይ ከሰካሽው ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ያንን ለማጉላት ስትሞክሪ «እምምታው» አብሮ ይጎላል። የስልክ ኢርፎን ጫፍ ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለው ደግሞ ማይኩና ማዳመጫው በአንድ ተጣምረዋል፤ ሁለት ቀዳዳ ባለው ኮምፒውተር ላይ መለያያ ገመድ ይፈልጋል።

ማይክ ለመግዛት አቅሙ ሲኖርሽ፣ «ኮንደንሰር» የሚባለው የስቱዲዮ ማይክ 48 ቮልት የሚሰጥ የድምፅ ማስገቢያ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ሮዙ ቀዳዳ ያንን ኃይል አይሰጥም። በዚያ ላይ ኮንደንሰር የጎረቤት ራዲዮ፣ የዶሮ ጩኸት፣ የእናትሽን የድስት ክዳን ሁሉ ይለቅማል። ለአንቺ ክፍል በቅርብ የሚነገርበት «ዳይናሚክ» ማይክ፣ ከተቻለም በቀጥታ በዩኤስቢ የሚሰካው ይሻላል።

እስከዚያው ባለሽ ማይክ ጥግ ላይ ሳይሆን ከግድግዳ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። ከፊትሽና ከኋላሽ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ስቀዪ። ማይኩን ከአፍሽ አንድ ስንዝር ያህል፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርጊው፤ «ጰ» እና «ፐ» ስትዪ ትንፋሽሽ አይመታውም። በምትቀጂ ጊዜ ስፒከሩን አጥፊና በሄድፎን አዳምጪ። የድምፁ መለኪያ ከፍ ሲል ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ይሁን፤ ዜሮን ከነካ ተሰንጥቋል፣ አይጠገንም። ለቪዲዮ ከሆነ በ48 ኪሎ ኸርዝ ቅጂ።

ስፒከር ለምትገዙ ሁሉ አንድ ቃል። ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የሚል የእጅ መዳፍ የምታክል ስፒከር ስታዩ ከጀርባዋ ከመብራት የምትወስደውን አንብቡ። ከመብራት 20 ዋት የምትወስድ ዕቃ 1000 ዋት ከየት ታመጣለች? ከገዛችሁም በኋላ ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላታችሁ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ትንሿ ድምፅ ማውጫ በጆሮ ልክ ትሁን፤ ጥግ አትወሽቋቸው፤ ጥግ ወፍራሙን ድምፅ ከልኩ በላይ ያሳብጠዋል።

መብራት ሲሄድም ዕቃውን ከሶኬት ንቀሉ። ብዙውን ጊዜ ዕቃ የሚጎዳው ሲሄድ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ወደ ወንድሜ ልመለስና ላብቃ። የደብዳቤህ ከባዱ ቦታ ካርዱ አይመስለኝም። «ለእህቴ ምን እንደምገዛ አልነገርኳትም፤ አይገባትም ብዬ ነው» ያልካት መስመር ናት። ሰው ቤት ለብቻዋ ሠርታ ገንዘብ ያጠራቀመች ሴት ሒሳብ አይገባትም?! ሲሪያል ቁጥሩ የተጻፈበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተህ ላክላት። የመጀመሪያውን ሠርግ ሠርተህ የተከፈለህ ዕለት ትንሽም ብትሆን ከላይዋ ቆርሰህ በስሟ አስቀምጥላት። ትልቁን ካርድ ሥራው ራሱ ይገዛልሃል፤ ያን ጊዜ በራስህ ገንዘብ ቀስተ ደመናውን አብራው፣ ማንም አይጠይቅህም።

ለሁለታችሁም መልካም ሥራ!