ተሸናፊ ይነሳ!

የነጌሌ ቦረናን ስም ስታነሱ ትልልቅ ሰዎች ወዲያው የሚነግሯችሁ ጥር 1966ን ነው። እኛ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ መጀመሪያ ትዝ የሚለን ጌም ቤት ነው።

ጌም ቤት ስንል የሚያብረቀርቅ ነገር እንዳታስቡ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲክ፣ በቃ። ማሽኑ ፕሌይስቴሽን ቱ ነው። ሶኒ በ2000 እ.ኤ.አ. አውጥቶት ከ160 ሚሊዮን በላይ የሸጠው፣ በታሪክ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት። ሌላው ዓለም ወደ ሦስት፣ ወደ አራት ሲያልፍ እኛ ቱ ላይ ቀረን። ዲስኩ ሲቧጨር በቲሸርታችን ጠርገን እንመልሰዋለን፤ ይሠራል! የምንጫወተው ዊኒንግ ኢለቨን ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ተሸናፊ ይነሳል። ጎል ሲገባ በኦሮምኛ ይጮኻል፣ በሶማልኛ ይፎከራል፣ በአማርኛ ዳኛው ይሰደባል (ዳኛው ማሽኑ ራሱ መሆኑን ማንም አያስታውስም)።

«ጊዜ ማጥፊያ!» ይሉናል። የቱን ጊዜ? ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ባለሱቁ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጎ ጋደም ይላል። ዶሎ አዶ ቢሆን ደግሞ ጥላው ራሱ ይፋጃል። ሥራ የሌለው ልጅ በዚያ ሰዓት የት ይሂድ? ደግሞ ጌሙን ከስፖርት ውርርድ ጋር አንድ አድርጎ የሚኮንን ሰው አለ፤ ይሄ በጣም ያናድደናል። ጌም ቤት የምትሸነፈው በራስህ ጣት ነው፤ የምትከፍለውም የአንድ ጨዋታ ሒሳብ ነው። ውርርድ የቤት ኪራይ ይበላል። እሱን ኮንኑት፣ አብረናችሁ እንኮንናለን።

ማታ ማታ ደግሞ እናነባለን። አዎ፣ እነዚያው ልጆች! ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን፣ በክብረ መንግሥት በኩል የሚመጣው አውቶቡስ መጽሐፍ ጭኖ ሲመጣ እምብዛም አላየንም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታተመ፤ እኛ እጅ የገባው በፒዲኤፍ ነው። ገጹ የተንጋደደ፣ ጥግ ላይ የገላጩ አውራ ጣት የሚታይበት። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም ስልኮቻችን ለዓመታት በሆሄ ፈንታ ባዶ ሳጥን ሲደረድሩልን ነበርና፣ በመዳፋችን ልክ አማርኛ ማንበብ አሁንም ይገርመናል። መብራት ቢጠፋ ስልኩ ራሱ ያበራል።

እሺ፣ ሌቦች ነን። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410፣ ከ1996 ጀምሮ እንዳለ እናውቃለን። ግን ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፤ ደራሲው ፋይሉን በአነስተኛ ዋጋ በቀጥታ ቢሸጥልን ለአንድ ጨዋታ የምንከፍለውን ጨምረንበት እንገዛዋለን።

ድስቱን እንዳንረሳ። ሩዝ በቲማቲምና በሽንኩርት፣ ሳንቲም ከተረፈ ድንች ጣል ተደርጎበት። ወንዶች ልጆች ሽንኩርት ስንከትፍ እናቶቻችን ከበር ቆመው ይስቁብናል፤ ከዚያ ጨው አንሷል ብለው ገብተው ይቀምሳሉ። ድግስ ሲሆን ቡና ቀላ አለ፤ ገለፈቱ ያልወለቀ ቡና በቅቤ ተጠብሶ የሚበላ። በኦሮምኛ ስሙ ከማረድ ጋር ይያያዛል፤ ቡናው እንደ በሬ ታረደ ማለት ነው። ይሄንን ሳይቀምስ ቡና አውቃለሁ የሚል አዲስ አበቤ ያስቀናል።

ድስት ትንሽ ነገር ነው እንዳትሉን ብቻ። ትልልቆቹ የሚያወሩት ጥር 1966 የመጣው ከድስት ነው። ነጌሌ የሰፈሩት ወታደሮች ያመፁት በምግባቸውና በውሃቸው ነበር። ሊያነጋግሯቸው የመጡትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትንና የሚጠጡትን አቀረቡላቸው። በመስከረም 1967 ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ጨዋታችን ያሳፈረን ጊዜም ነበር። ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ የቦረና ከብት ሲያልቅ ጆይስቲክ መያዝ ከበደን። አንድ ቀን አንድ እኩያችን ጌም ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያል። የአባቱ በረት ባዶ ሆኖ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ነው። ግባ አልነውና ጆይስቲኩን ሰጠነው። ወዲያው አምስት ጎል ገባበት፤ እሱ ግን ከልቡ ሳቀ። ማታ ሩዙን አብረን በላን። ጊዜ ማጥፊያ የሚል ካለ መጥቶ እሱን ይጠይቀው። አሁን ሞያሌ ጭነት ያወርዳል፤ ነጌሌ በመጣ ቁጥር ጎራ ይላል። አሁንም ይሸነፋል፣ ይከፍላል። ተሸንፎ ግን አይነሳም፤ እኛም ተነስ አላልነውም።