ፊዚክስ ለሒሳብ ሠራተኛ ምን ይረባል?

ልጆቻቸውን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የላኩ ወላጆች ዘወትር ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ፥ ልጅ ከያዘው ሙያ ውጪ ሌላ ትምህርት ቢማር ጊዜውን ከማባከን በቀር ምን ያተርፋል የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ አንዲት ዝቅተኛ ነጥብ የምታመጣውን መዘዝ ወላጅ ያውቃልና።

ቀድሞ በክፍላችን ተቀምጣ የተማረች፥ ዛሬ ግን በአሜሪካ ከአጎቷ ዘንድ ሆና የሒሳብ አያያዝ የምታጠና አንዲት ልጅ በዚሁ ነገር ደብዳቤ ጽፋልናለች። በዚያ አገር በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደንብ፥ የታሪክም ሆነ የንግድ ተማሪ ከተፈጥሮ ሳይንስ አንድ ወይም ሁለት ትምህርት መርጦ ሳይማር አይመረቅም። ባልንጀሮቿ ቀላል ነው የተባለውን ሲመርጡ እርሷ ፊዚክስን መረጠች። አጎቷ አጥብቀው ተቃወሙ፤ የነጻ ትምህርት ዕድሏ የሚጸናው አማካይ ውጤቷ ከተወሰነው በታች እስካልወረደ ድረስ ነበርና። ውጤቱ በአማካይ ሳይቈጠር «አለፈች» ወይም «ወደቀች» ተብሎ ብቻ እንዲመዘገብላት ብትጠይቅም፥ ግዴታን ለሚያሟላ ትምህርት ይህ አይፈቀድም ተባለች።

የመጀመሪያው ፈተና ከመቶ 48 ሰጣት። ቀመሮቹን ሁሉ በቃሏ ታውቅ ነበር፤ በቃል መያዙንማ ከሕፃንነቷ ለምዳዋለች። ያሰናከላት ቍጥር የሌለበት ጥያቄ ነው። ኳስ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ተወርውራ፥ ከመመለሷ በፊት ከሁሉ ከፍ ባለው ስፍራ ለቅጽበት ስትቆም የሚስባት ኃይል አለን? ልጅቱ «የለም፤ ቆማለችና» ብላ ጻፈች። ይህ ስሕተት ነው። ኳሷ በዚያች ቅጽበት ፍጥነት ባይኖራትም፥ የምድር ስበት ከእጅ ከወጣችበት ጊዜ ጀምሮ አልለቀቃትም፤ ፍጥነቷንም በእያንዳንዱ ሰኮንድ በ9.8 ሜትር በሰኮንድ ይለውጠዋል። ስበቱ በዚያ ስፍራ ቢተዋት ኖሮ በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለች በቀረች ነበር።

እንዲህ ያለው አስተሳሰብ የእርሷ ብቻ አይደለም። ኢብራሂም ሃሎንና ዴቪድ ሄስተንስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፥ የዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የተማሩ ብዙ ተማሪዎች ስለ እንቅስቃሴ ቀድሞ የያዙትን የተሳሳተ ሐሳብ እንደ ያዙ እንደሚወጡ አሳዩ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው መምህር ኤሪክ ማዙርም ይህንኑ በራሳቸው ተማሪዎች ላይ ባዩ ጊዜ፥ ንግግራቸውን እያቋረጡ ጥያቄ ማቅረብ ጀመሩ፤ ተማሪው አስቀድሞ ግምቱን ይሰጣል፥ ከዚያም ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል። ስለዚሁ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1997 መጽሐፍ አሳትመዋል። የልጅቱም መምህር ያስተምሩ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ስናነብ ቅኔ ቤት ትዝ አለን። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ተማሪው የተሰጠውን ይቀበላል፤ በቅኔ ቤት ግን የራሱን ሲቈጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ በባልንጀሮቹም ፊት ይታረማል። እፍረቱን የቀመሰ ያውቀዋል። በፊዚክስ ግን አራሚው መምህሩ ብቻ ሳይሆን ነገሩ ራሱ ነው።

በላቦራቶሪ በአንድ ሜትር ክር ጫፍ ብረት አንጠልጥላ ወደ ጎን ጥቂት ስባ እንድትለቀው ታዘዘች። ብረቱ በእጥፍ ቢከብድ ምልልሱ ይፈጥን ይሆን? አስቀድማ «ይፈጥናል» ብላ ጻፈች። አሥር ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ቈጠረች፤ 20 ሰኮንድ ያህል ፈጀ። ከባዱን ብታንጠለጥል ያው 20 ሰኮንድ ሆነ። አላመነችም፤ ደግማ ቈጠረች። ክሩን 25 ሳንቲ ሜትር ስታደርገው ግን አሥሩ ምልልስ በ10 ሰኮንድ አለቀ። ለካ ክብደቱ ሳይሆን ርዝመቱ ኖሯል፤ ያውም ጊዜው በግማሽ የሚቀንሰው ክሩ ወደ ሩብ ሲያጥር ነው። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ክርና ድንጋይ ከማንም ቤት አይታጣምና ልጆቻችሁ ይሞክሩት። ርዝመቱን እስከ ድንጋዩ መካከል ይለኩ፥ ግምታቸውንም ሳይቈጥሩ በፊት ይጻፉ።

የመጨረሻ ውጤቷ «ቢ» ሆነ፤ የነጻ ትምህርት ዕድሏም አልተነካም። ዛሬ የንግድ ቤት ሒሳብ ሲሰጣት፥ ድምሩን ከመሥራቷ በፊት ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባው በወረቀቱ ዳር ትጽፋለች፤ የተገኘው ከግምቷ እጅግ የራቀ እንደ ሆነም ስሕተቱ ከየት እንደ ገባ ሳትፈልግ አታልፍም። ይህን ልማድ ያመጣችው ከፊዚክስ ክፍል መሆኑን ጽፋልናለች።

አጎቷ ግን አሁንም አልተረቱም፤ በዚያ ሁሉ ድካም ሌላ የሙያ ትምህርት በፈጸመች ነበር ይላሉ። ላቦራቶሪው ብቻ በየሳምንቱ ሦስት ሰዓት ይወስድባት ስለ ነበረ ፈጽሞ ተሳስተዋል አንልም። እናቷ ደግሞ እዚህ ሆነው፥ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ብርሃን የሚያስተምረውን ሁለተኛውን ክፍል በሚመጣው መንፈቅ ትማር ወይስ ትተወው ብለው ጠይቀውናል። ሰዓቱ ከሙያዋ ትምህርት ጋር የማይጋጭ ከሆነ ትማር ብለናቸዋል።